ግማሽ ገንዳ ቢጫ

በአሜሪካ ትምህርት ባለበት በማንኛውም ማለዳ 25 ሚሊዮን ያህል ልጆች ቢጫ አውቶቡስ ላይ ይወጣሉ። የአውስትራሊያ ሕዝብ፣ ከአያት እስከ ጨቅላ ቢቆጠር፣ ከ27 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። እንግዲህ አንድ አህጉር የሚሞላ ሕዝብ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ መንገድ ዳር ይቆማል፣ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመጣበት ይመለሳል ማለት ነው።

ደርሶ መልሱ በቀን 50 ሚሊዮን ጉዞ ይሆናል። የትምህርት ዓመቱ በአብዛኞቹ ግዛቶች 180 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ሲባዛ በዓመት 9 ቢሊዮን ጉዞ ይመጣል። ቢሊዮን ብቻውን ሲቆም ለሰው ስሜት ስለማይሰጥ አጠገቡ ሌላ ቁጥር እናቁምለት። ኮቪድ ሰማዩን ከማራቆቱ አስቀድሞ በነበረው በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ተደምረው ያጓጓዙት መንገደኛ ከ900 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ቢጫው አውቶቡስ ይህን የሚያህል ጉዞ የሚጨርሰው በ19 የትምህርት ቀን ነው። አየር መንገዶቹ ዓመት የፈጀባቸውን እርሱ ወር ሳይሞላ ይወጣዋል፤ ያውም ቲኬት ሳይቆርጥ፣ ፍተሻ ሳያሰልፍ።

ይህን ሁሉ የሚያመላልሱት አውቶቡሶች 480,000 ገደማ ናቸው። ትልቁ ዓይነት እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ አጫጭሮችም ስላሉ በአማካይ 10 ሜትር እንበል። የአንዱን ፊት ከሌላው ኋላ እያነካካን ብንደረድራቸው 4,800 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቢጫ ሰልፍ ይወጣናል። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው የመኪና መንገድ 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰልፉ አገሪቱን ከአትላንቲክ ዳር እስከ ፓስፊክ ዳር ሞልቶ 30,000 አውቶቡስ ይተርፈዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። የአንዱን አውቶቡስ ጎኖች፣ ፊቱን፣ ኋላውንና የጣሪያውን ጠርዝ ደምረን፣ መስኮቱን ቀንሰን፣ 60 ካሬ ሜትር ቢጫ ገጽ አለው ብለን እንገምት። በ480,000 ሲባዛ 28.8 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 4,000 የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው። የመኪና ቀለም ሲደርቅ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ገደማ ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። የ4,000 ሜዳውን ስፋት በዚህ ስስ ውፍረት ስናባዛው 1,440 ሜትር ኩብ እናገኛለን። ለኦሎምፒክ ውድድር የሚሠራ የዋና ገንዳ፣ 50 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ 2,500 ሜትር ኩብ ይይዛል። የአገሪቱ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች የለበሱት ቢጫ በሙሉ ተፍቆ ቢጠራቀም አንዱን ገንዳ ከግማሽ ጥቂት አሳልፎ ይቀራል።

25 ሚሊዮን ልጅ በዚህ ግማሽ ገንዳ ቢጫ ውስጥ ያልፋል። ይህን ቀለም ማን መረጠው? ስለምን ቢጫ ሆነ? ሥራውንስ እስከ ምን ድረስ ይሠራል? ቁጥሮቹን ይዘን እንከተለው።

አምስት ሺህ ዶላርና አንድ ሳምንት

አውቶቡሱ የመጣው ትምህርት ቤቱ ከልጁ ስለራቀ ነው። በ1930 ገደማ አሜሪካ ውስጥ አንድ ክፍልና አንድ መምህር ብቻ ያላቸው 149,000 ያህል የገጠር ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ልጁ በእግሩ ይደርስባቸዋል፤ የአምስት ዓመቱም የአሥራ አራት ዓመቱም ተማሪ አንድ ጣሪያ ሥር ይማራል። በ1960 ከእነዚህ የቀሩት 20,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ተዘግተው ወይም ተጠቃለው ተማሪው ወደ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ተዛወረ፤ ቤቱና ክፍሉም በኪሎ ሜትሮች ተራራቁ። ተማሪን በመንግሥት ወጪ ማጓጓዝን በሕግ የፈቀደችው የመጀመሪያዋ ግዛት ማሳቹሴትስ ስትሆን ዘመኑም 1869 ነበር። በ1919 በወቅቱ የነበሩት 48 ግዛቶች ሁሉ ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው።

ሕጉ ይጓዝ እንጂ በምን ይጓዝ አላለም። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ፍራንክ ሳየር ይህን ያጠናው በ1937 ነው። ሳየር ነብራስካ ተወልዶ፣ እዚያው የገጠር ትምህርት ቤቶችን ያስተዳደረ ሰው በመሆኑ ችግሩን ከወረቀት አልተማረውም። በጥናቱ ያገኘው ጉድ ብዙ ነበር፦ ልጆች በጭነት መኪና ይጫናሉ፤ በየቀለሙ በተቀባ አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ካንሳስ ውስጥ ስንዴ በሚጭን የፈረስ ጋሪ የሚሄዱም ነበሩ። አንድ ወረዳ ደግሞ ልጆቹ አገራቸውን እንዲወዱ ብሎ አውቶቡሶቹን በባንዲራው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አስቀብቷቸዋል። አገር ወዳድነቱ መልካም ነው፤ ከኋላ ለሚመጣው ሹፌር ግን ከፊቱ ያለው የልጆች መኪና መሆኑን አይነግረውም።

ሳየር ከሮክፌለር ቤተሰብ የበጎ አድራጎት ገንዘብ 5,000 ዶላር አገኘና በሚያዝያ 1939 አንድ ሳምንት የፈጀ ጉባኤ ጠራ። ከ48ቱ ግዛቶች የትምህርት ኃላፊዎች፣ ከአውቶቡስ ሠሪዎቹ መሐንዲሶች፣ ከቀለም ፋብሪካዎቹም ባለሙያዎች መጡ። ሳምንቱን የፈጁት ከቀለም ይልቅ በልኬት ላይ ነው፤ የአካሉ ርዝመት፣ የጣሪያው ቁመት፣ የመተላለፊያው ስፋት እየተባለ 44 መመዘኛ ወጣ። ለሠሪዎቹ ይህ ገንዘብ ነበር። እያንዳንዱ ወረዳ በየራሱ ልክ ሲያዝ አውቶቡስ የሚሠራው እንደ ልብስ ስፌት በየሰዉ መጠን ነው፤ መለኪያው አንድ ሲሆን ግን በብዛት ተሠርቶ በርካሽ ይሸጣል።

ቀለሙ ከ44ቱ አንዱ ነበር። በጉባኤው አዳራሽ ግድግዳ ላይ 50 ዓይነት ቀለም ተደርድሮ ተሰቀለ፤ ከሎሚ ቢጫ ይነሳና ቀስ በቀስ እየጠቆረ ቀላ ወዳለ ብርቱካናማ ይሄዳል። የተመረጠው መካከል ላይ ያለው፣ ወደ ብርቱካን ጠጋ ያለው ቢጫ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ ልጆች የሚሳፈሩት ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጥቁር ጽሑፍ በድንግዝግዝ ብርሃን ጎልቶ የሚነበበው ደግሞ በዚህ ቢጫ ላይ ነው።

አንድ ሳምንት፣ 5,000 ዶላር። ዛሬ ባሉት 480,000 አውቶቡሶች ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ሳንቲም ገደማ ነው። ውሳኔው ታዲያ የማንም ሕግ አልነበረም፤ ጉባኤው መምከር እንጂ ማዘዝ አይችልም። ግዛቶቹ በየጊዜያቸው እየተቀበሉት መጡ፤ የመጨረሻዋ ሚኒሶታ በ1974 ስትገባ 35 ዓመት ሞልቶታል። የጎረቤት ካናዳም ልጆች ዛሬ የሚሄዱት በዚሁ ቢጫ ነው።

ዓይን የሚቆጥረው ቀለም

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ አበው። መንገድ ላይ ጥያቄው ስንት ሰከንድ ፈጅቶ ይገባል ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይበላል። ሹፌሩ አውቶቡሱን በግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ቢያየው ፍሬን ከመያዙ በፊት 12 ሜትር ተኩል ያተርፋል፤ ከራሱ ከአውቶቡሱ ርዝመት የሚበልጥ ማለት ነው። ልጅ መትረፍና አለመትረፉ የሚወሰነው በእነዚህ ሜትሮች ውስጥ ነው።

በዓይናችን ኋላ፣ ብርሃንን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ተዘርግተዋል። ኮን የሚባሉት 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ በቂ ብርሃን ሲኖር ቀለምን ይለያሉ። ሮድ የሚባሉት እስከ 120 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ እነርሱ ቀለም አያውቁም፣ ሥራቸው በጨለማ ነው። ኮኖቹ ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ለረጅሙ የብርሃን ሞገድ፣ ሁለተኛው ለመካከለኛው፣ ሦስተኛው ለአጭሩ፣ ማለትም ለሰማያዊው፣ ይነቃል። የሰማያዊው ወገን ቁጥሩ በጣም አነስተኛ ነው፤ ከአሥሩ ኮን አንዱን እንኳ አይሞላም። ቢጫ ብርሃን ሁለቱን ትልልቅ ወገኖች በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል።

ይህ የተለካ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1924 ባጸደቀው ሠንጠረዥ መሠረት የቀን ዓይናችን በጣም የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር ለሆነ አረንጓዴ ቀመስ ቢጫ ብርሃን ነው። ይህን 100 ብለን ብንነሳ፣ 580 ናኖሜትር ላይ ያለው ቢጫ 87 ያገኛል። 650 ላይ ያለው ቀይ 11 እንኳ አይሞላም። 450 ላይ ያለው ሰማያዊ 4 አይደርስም። አንድ ዓይነት ጉልበት ይዘው የመጡ ሦስት ብርሃኖች ናቸው፤ ዓይን ግን የአንዱን 87 ሲቆጥር የሌላውን 4 ብቻ ይቆጥራል።

የቢጫ ቀለም ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ቀለም የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከፀሐይ የመጣውን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል። ቢጫ ቀለም አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ብርቱካናማውንና ቀዩን መልሶ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ይውጣል። የሚውጠው እንግዲህ ዓይን ከ100 አራት የማይሰጠውን ክፍል ነው፤ የሚመልሰው ዓይን የሚከፍልበትን ነው። ቀይ ቀለም ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ዓይን አብዝቶ የሚያየውን ውጦ በጥቂቱ የሚያየውን ይመልሳል።

555 ላይ ያለው አረንጓዴ ቀመስ ቢጫ ከሁሉ ቀዳሚ ከሆነ ታዲያ ስለምን እርሱ አልተመረጠም? መልሱን ከመስኮት ውጭ ያለው አገር ይሰጠናል። የገጠር መንገድ ግራና ቀኙ ቅጠልና ሣር ነው፤ እነርሱም የሚመልሱት ብርሃን እዚያው አካባቢ ነው። አውቶቡስ ብሩህ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ከአካባቢው መለየትም አለበት። ወደ ብርቱካን ጠጋ ያለው ቢጫ ከብሩህነቱ ጥቂት ከፍሎ ከቅጠሉም፣ ከሰማዩም፣ ከበረዶውም፣ ከአስፋልቱም ይለያል።

የማለዳውን ነገር ደግሞ አንርሳ። የቼክ ተወላጁ ሐኪም ያን ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቀን ደማቅ የሚመስሉ ቀይ አበቦች በንጋት ጨለማ ጠቁረው፣ ቅጠሎቻቸው ግን ፈክተው እንደሚታዩ አስተዋለ። ኮኖቹ ተኝተው ሮዶቹ ሥራ ሲረከቡ ቀይ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ለሮድ ከ650ው ቀይ ይልቅ 580ው ቢጫ 180 ጊዜ ያህል ይበልጥበታል። በዚህ ላይ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራሉ፤ ከእነርሱም ለአንዳንዶቹ ቀይ በቀንም ጠቁሮ ነው የሚታየው። ቢጫ ለእነርሱም ብሩህ ነው።

ቀይ ያጣውና ሰማያዊ ያጣው

ሠንጠረዡ በመንገድ ላይም ይሠራል ወይ? ሁለት ፈተናዎች አሉ።

አንዱ የዳላስ የእሳት አደጋ መኪኖች ናቸው። በ1995 የወጣ ጥናት ቀይ የሆኑትንና አረንጓዴ ቀመስ ቢጫ የሆኑትን የእሳት አደጋ መኪኖች ለአራት ዓመታት አነጻጸረ። ከመታየት ጋር በተያያዘ ከሌላ መኪና ጋር የመጋጨት አደጋ በቀዮቹ ላይ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ደመደመ።

ሁለተኛው በሲንጋፖር ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እያየ ላደገ የአዲስ አበባ አንባቢ ይህኛው ጆሮ የሚስብ ነው። አንድ የታክሲ ድርጅት ሁለት ኩባንያዎችን ሲያዋህድ አንድ እጅ ቢጫ፣ ሦስት እጅ ሰማያዊ ታክሲዎች ወረሰ። የመኪናው ሞዴል አንድ፣ አነዳዱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ የተለየው ቀለሙ ብቻ ነው። በ2017 የታተመው ጥናት ከ16,000 በላይ ታክሲዎችን ለ36 ወራት ተከተለ። ለ1,000 ታክሲ በወር የሚደርሰው አደጋ በሰማያዊዎቹ 71.7፣ በቢጫዎቹ 65.6 ሆነ። የ9 በመቶ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሰፍቶ የታየውም በመንገድ መብራት ሥር፣ ማታ ነበር። አጥኚዎቹ ድርጅቱ ሰማያዊዎቹን ሁሉ ቢጫ ቢቀባ በዓመት 917 አደጋ ይቀንሳል ብለው አሰሉ።

ከዳላሱ ጥናት በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ቢጫ የእሳት አደጋ መኪና ከገዙት ከተሞች ብዙዎቹ ወደ ቀይ ተመለሱ። ሰው እሳት አደጋን የሚያውቀው በቀይ ነው፤ ቢጫውን ቶሎ ቢያየውም ምን እንደሆነ ቶሎ አይገባውም። ከዚህ የምንረዳው ቀለም ሁለት ሥራ እንዳለው ነው፤ አንዱ መታየት፣ ሌላው መታወቅ። የመጀመሪያውን ሥራ የዓይን ተፈጥሮ ያከናውነዋል፤ ሁለተኛውን ሰዎች ተስማምተው በዘመናት ይሠሩታል።

ለልጆች ብቻ የተያዘ

የትምህርት ቤት አውቶቡስን ከታክሲውም ከእሳት አደጋ መኪናውም የሚለየው ሁለቱንም ሥራ መያዙ ነው። የመታወቁ ሥራ የሚጠበቀው በደንብ ነው። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይህን ቢጫ እንዲቀባ፣ ከላዩ ላይም በጥቁር፣ ቁመታቸው ከ20 ሴንቲ ሜትር በማያንስ ፊደላት ምንነቱ እንዲጻፍ ይመክራል። አውቶቡሱ አርጅቶ ለሌላ ሥራ ሲሸጥ ደግሞ ቀለሙ እንዲለወጥ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቢገዛው፣ የግንባታ ድርጅት ቢገዛው፣ ቢጫውን ይዞ መሄድ የለበትም። ባዶ ቢጫ አውቶቡሶች ለሌላ ጉዳይ በየጎዳናው ቢዞሩ ሹፌሮች ቢጫን ማመን ይተዋሉ፤ ቀለሙም እንደማንኛውም ቀለም ይሆናል።

ቀለሙ ራሱም በዘመኑ ተለውጧል። መጀመሪያ ሲወሰን የእርሳስና የክሮም ውሁድ ነበር። ክሮምየምን በ1797 ከሳይቤሪያ ከመጣ ቀይ ማዕድን ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ቮክለን ነው፤ ከዚያ የተሠራው ክሮም ቢጫ በቫን ጎግ የሱፍ አበባ ሥዕሎች ላይ አለ፤ ዛሬም በብርሃን ብዛት እየጠቆረ ያሳስባል። እርሳስ መርዝ ነውና የዛሬዎቹ አውቶቡሶች ያለ እርሳስ በተሠራ ቀለም ይቀባሉ፤ መልኩ ግን የድሮው ነው። ብዙ ወረዳዎች ጣሪያውን ነጭ ያደርጉታል፤ ነጭ ሙቀት ስለሚመልስ በበጋ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጎኑ ላይ የምናያቸው ጥቁር አግዳሚ ብረቶችም ለጌጥ አይደሉም፤ አካሉን ያጠነክራሉ፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ወለሉና መቀመጫው በየትኛው ከፍታ እንዳለ ለአዳኞች ይጠቁማሉ።

የዚህ ሁሉ ውጤት በቁጥር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ቢሄድ በመኪና ከመሄድ 70 ጊዜ ያህል የተሻለ ደኅንነት አለው። አውቶቡስ ውስጥ ተሳፍረው ሳሉ የሚሞቱ ልጆች በአማካይ በዓመት ከ10 በታች ናቸው። የአንድ ልጅ ሞት ለአንድ ቤት መላው ዓለም ነው፤ በ9 ቢሊዮን ጉዞ ውስጥ ግን ይህ ከ900 ሚሊዮን ጉዞ አንድ አይሞላም። ምስጋናው የቀለሙ ብቻ እንዳይመስለን፤ ክብደቱ አለ፣ ከፍታው አለ፣ ከ1977 ጀምሮ ግዴታ የሆኑት ተቀራርበው የተተከሉ፣ ጀርባቸው ረጅምና ስፖንጅ የለበሰ ወንበሮች አሉ። ልጁ ቢወረወር እንኳ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው።

በቀን 240,000 ጊዜ

አደጋው ያለው ከአውቶቡሱ ውጭ ነው። ከትምህርት ቤት ትራንስፖርት ጋር በተያያዘ አደጋ በዓመት በአማካይ ከ100 በላይ ሰዎች ይሞታሉ። ከአሥሩ ሰባቱ በሌላ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው፤ ከአውቶቡሱ የወረዱ ወይም ሊሳፈሩ የቆሙ ልጆችም ከእነርሱ መካከል አሉ። ልጅ ከአውቶቡስ ወርዶ መንገድ ሊያቋርጥ ሲል ያለችው ያቺ ጥቂት ሰከንድ የጉዞው ሁሉ አስፈሪ ክፍል ናት።

ለዚያች ሰከንድ ነው ሕጉ የተሠራው። አውቶቡሱ ሊቆም ሲቃረብ ብርቱካናማ መብራት ያበራል፤ ሲቆም ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከጎኑም ቁም የሚል ምልክት እንደ ክንድ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ሌላው መኪና መቆም አለበት፤ ደርቦ ማለፍ በ50ውም ግዛት የተከለከለ ነው።

የግዛት የተማሪ ትራንስፖርት ዳይሬክተሮች ማኅበር በየዓመቱ አንድ ቀን መርጦ ሹፌሮችን ያስቆጥራል፤ ዛሬ ስንት መኪና ሕግ ጥሶ አለፈህ እያለ። የቆጠሩት ወደ አገር አቀፍ ስሌት ሲለወጥ በ2022/23 የትምህርት ዓመት ከ43 ሚሊዮን በላይ ጥሰት ሆነ። በ180 ቀን ሲካፈል በቀን 240,000 ገደማ ነው። በአውቶቡስ ሲካፈል እያንዳንዱ አውቶቡስ በዓመት 90 ጊዜ ይታለፋል፤ በየሁለት የትምህርት ቀኑ አንድ ጊዜ።

እነዚህን 43 ሚሊዮን ጥሰቶች የፈጸሙት ሹፌሮች አውቶቡሱን አላዩትም ልንል አንችልም። 10 ሜትር ርዝመት፣ 60 ካሬ ሜትር ቢጫ፣ በላዩ ላይ የሚብለጨለጩ ቀይ መብራቶች፤ ሠንጠረዡ ከ100 ሰማንያ ሰባት የሰጠው ቀለም ነው። አይተውታል። አንዳንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይሆናል፤ ሌላው ግን አይቶ፣ አውቆ፣ ቸኩሎ ነው። የ1939ኙ ጉባኤ የተሰጠውን ሥራ በአንድ ሳንቲም ዋጋ ፈጽሞታል። ከዚህ በላይ ብሩህ ቢጫ ቢገኝ ከ43 ሚሊዮኑ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ከዓይን ወርዶ እግር ላይ ደርሷል።

ስለዚህ ነው ግዛቶቹ በቀለሙ ላይ ሌላ ቀለም ከመጨመር ይልቅ በሚዘረጋው ክንድ ላይ ካሜራ የሚተክሉት። በቨርጂኒያ ካሜራው የያዘው መኪና ባለቤት 250 ዶላር ይከፍላል። በዱባይና በአቡዳቢ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች እዚያም ቢጫ በሆኑበት፣ ክንዱ ተዘርግቶ ያላቆመ ሹፌር 1,000 ድርሃም ይቀጣል፣ 10 ነጥብም ይመዘገብበታል።

ይህን የሚያነቡት የእኛ ሰዎች ከቅጣቱም ከልጆቹም ወገን ናቸው። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ብቻ ከ1,200 በላይ አውቶቡስ፣ ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ የፌርፋክስ አውራጃ ከ1,500 በላይ አውቶቡስ አላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግና ፌርፋክስ ያሉ ልጆቻችን በእነዚሁ ይሄዳሉ፤ ወላጆቻቸውም ብዙዎቹ በታክሲና በኡበር ከተማውን ሲያካልሉ የሚውሉ ናቸው። ለእነርሱ የሚጠቅመው ደንብ አጭር ነው። በሁለቱም ግዛት፣ መካከሉ ላይ አካፋይ በሌለው መንገድ ቀዩ መብራት ከበራ፣ ከኋላ የመጣውም ከፊት ለፊት የመጣውም ይቆማል፤ በአፈር ወይም በግንብ አካፋይ በተከፈለ መንገድ ከወዲያኛው አቅጣጫ የሚመጣው አይገደድም። መንገዱ ሰፊ ስለሆነና በመካከሉ ቢጫ መስመር ስለተሰመረ ብቻ ተከፍሏል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ አውቶቡስ ሲታሰብ ልማዱ ቀላል ይመስላል፤ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ አንድ ቸኳይ ማለፉ። ነገር ግን አውቶቡሶቹ 480,000 ናቸው፣ ቀኑ 180 ነው። እያንዳንዱ ሹፌር ከሚያልፍባቸው ሁለት ጊዜ አንዱን ብቻ ቢቆም 43 ሚሊዮኑ ከ22 ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ይህን የሚያህል ለውጥ በ1939 በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት 50 ቀለሞች የትኛውም ሊያመጣ አይችልም ነበር።